ቡርኖስ ተሸክመን ምጽዋ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቤዛ ከአዲስ አበባ መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ዋለች። ሠርጓ ደርሷል። ከሠርጉ በኋላ ከባሏ ጋር ዛንዚባር የሚባል አገር ሄደው ባሕር ዳር ሰንብተው ሊመጡ አስበዋል፤ መቼም ዘንድሮ ጫጉላ ቤት መቀመጥ ቀርቷል። ጉዞው የታሰበው ለግንቦት ነበር፤ ስልኩ ግን በግንቦት እዚያ አገር ዶፍ ዝናብ ነው ብሏት አኩርፋለች። «ይዩት እስኪ እማማ፣» አለችና ወደ ፊቴ አስጠጋችው። «ይኸው፣ በየቀኑ ደመና ነው። ወደ ሐምሌ እናዛውረው ይሆን?» ዓይኔ እንደ ድሮው ስላልሆነ የታየኝ በረድፍ የተደረደረ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነገር ነው። «እኔን ነው የምትጠይቂ? እኔ ባሕር ያየሁት አንዴ ነው፤ እሱንም የበግ ጠጉር ቡርኖስ ተሸክሜ፣» አልኳት። ሳቀች፤ የምቀልድ መስሏታል። እኔ ግን ግንቦት፣ ባሕርና ቡርኖስ አንድ ላይ ከተነሡብኝ አባቴ ፊቴ መጥቶ ድቅን ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ ጆሮዬ አይገባም።

አባቴ መሪጌታ ኅሩይ እዚሁ ሰቆጣ ዕድሜ ልኩን ዜማ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ቁመቱ ረዥም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ነጠላው ሁልጊዜ ንጹሕ፤ እናቴን የሚፈራ፣ ከእናቴ ሌላ ማንንም የማይፈራ። እኔ ያኔ የመጀመሪያ ባሌን ፈትቼ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ገበያው ዳር ካለች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የሰው ልብስ እሰፋለሁ። የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዓመት የምቆጥረው በጨርቅ ነው። ቴትሮን የሚባለው ጨርቅ ወደ አገራችን የገባ ሰሞን ነበር። አስተማሪዎቹ ሱሪያቸውን ከታች ጠበብ አድርጌ እንድሰፋላቸው ይለምኑኛል፤ ኮንጎ ጫማ ያደረገች ሴት ገበያ ስትገባ ሰው ዞሮ ያያታል፤ አንድ ቀሚስ ሰፍቼ በምቀበለው ብር ዶሮ ገዝቼ መልስ ይዤ እገባለሁ። ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ከምሥራቅ በግመል የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍበት ነበር። እኛ ጨው የምናውቀው እንዲያ ነው፤ በልጥ ታስሮ፣ እንደ ጥርብ ድንጋይ ተደርድሮ፣ የግመል ላብ ሸትቶ። ዛሬ እዚያ ሜዳ ላይ የስልክ ካርድ የሚሸጡ ልጆች ጃንጥላ ተክለውበታል፤ ግመል የቆመበት ነበር ብላቸው አያምኑኝም።

የአባቴ ዓይን የደከመው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ከጎኑ የሚመጣ ሰው አልታይህ አለው፤ ሰላም ሳይለን አለፈ ብለው የተቀየሙት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ የበሩን መቃን በትከሻው መምታት ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭርሱን አያይም። መቀሌ ድረስ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ በትንሽ መብራት ዓይኑን ሲመረምር ቆይቶ እኔን ወደ ውጭ ጠራኝና፣ «ሞራ ቢሆን እንገፍፈው ነበር። ይህ ግን ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ የሚመጣ ነው፤ የጠፋው አይመለስም። የቀረውም ክረምቱን ካለፈ ትልቅ ነገር ነው፣» አለኝ። ለአባቴ እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ ብዬ ስጨነቅ ለካ በሩ ሥር ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ በማስተማሩም በማኅሌቱም ምንም አላጓደለም፤ ቤት ሲገባ ግን አይናገርም። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ መደቡ ላይ አረፍ እንዳለ፣ «የሺ፣» አለኝ። «ፊደሉን ጠግቤ አይቸዋለሁ። የናትሽንም ፊት በልቤ ይዠዋለሁ። አንድ የቀረኝ ባሕር ነው።»

አልገረመኝም። በየዓመቱ ለጥምቀት ስለ ባሕር እየዘመረ ነው ያረጀው። በዓይኑ ያየው ግን ወንዙን ገድበን ጥምቀተ ባሕር የምንላትን፣ ሕፃን ልጅ የሚሻገራትን ኩሬ ነው። ተማሪዎቹ፣ «የኔታ፣ እውነተኛው ባሕር እንዴት ያለ ነው?» ሲሉት በመጽሐፍ ያገኘውን ይነግራቸውና ቤት ገብቶ እናቴን፣ «ዛሬም ያላየሁትን ሳስተምር ዋልሁ፣» ይላታል። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ዓይኑ ሳይዘጋ ባሕሩን አሳየዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ከስፌት ያጠራቀምኩት ነበረኝ፤ ሁለተኛ ባል ለማግባት የሚያቻኩለኝ ነገርም አልነበረም። እናቴ፣ «ውኃ ለማየት ምጽዋ ድረስ?» ብላ በአማርኛ ጀመረችና ስትናደድ እንደልማዷ ወደ አፍ መፍቻዋ ኽምጣኛ ገብታ ጨረሰችው።

ዋናው ጥያቄ መቼ የሚለው ነበር። ቤዛ ዛሬ በስልኳ የምታየውን እኛ ያየነው በአባቴ ጣቶች ነው። አባቴ ባሕረ ሐሳብ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የግራ እጁን አንጓዎች በአውራ ጣቱ እየነካካ የዓመቱን ጾምና በዓል ያወጣዋል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ የአንድ ዲያቆን ቀሚስ እዘመዝማለሁ፣ አባቴ እጁን ዘርግቶ ቀን ይፈልጋል። እስከ ፋሲካ መነቃነቅ የለም፤ ሰሙነ ሕማማትን መሪጌታ ጥሎ አይሄድም። ፋሲካ አልፎ ልደታን አክብሮ ከወጣ ግን እስከ ዕርገት ድረስ ደብሩ ያለ እሱ መዋል ይችላል። በዚያ ላይ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፣ ስግደት የለም፣ መንገደኛ የሰጡትን ይበላል። ሰኔ ከገባ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ ከጾሙም ይልቅ ዝናቡ የኮረምን መንገድ ይቆርጠዋል። ከክረምት ወዲያ ያለውን ለመቁጠር ጣቱ ወደሚቀጥለው አንጓ ሄደና ቆመ። የሐኪሙ ቃል እዚያ ላይ ነበር። «ግንቦት ነው፣» አለ እጁን አጥፎ። «ኸግንቦት በቀር ቀን የለንም።»

ምጽዋ ድረስ የሚወስደን የምናውቀው ሰው ገብሩ ብቻ ነበር። ገብሩ የአስመራ ልጅ ነው፤ በአሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናው በበጋ ለሰቆጣ ነጋዴዎች ስኳርና ላምባ ያመጣል፣ ማርና ቆዳ ይዞ ይመለሳል። ሸሚዙን እኔ ስለምጠግንለት ቤተሰብ ሆኗል። ነገሩን ሳዋየው መሪውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። «ግንቦት ምጽዋ? ሓፍተይ፣ የምጽዋ ሰው ራሱ በግንቦት ሸሽቶ አስመራ ይወጣል። እሳት ነው። በጥር ውሰጃቸው፣ ያን ጊዜ ባሕሩም ጥሩ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው።» ጥር ለአባቴ ዓይን እንደማይደርስ ነገርኩት። ያዘነ መሰለኝ፤ «እንግዲያው ቀለል ያለ ልብስ ያድርጉ፣» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሊቅነት የመጣው። በእኛ አገር ሙቀት ማለት ውኃ የሌለበት ማለት ነው። ቆላ ወርዶ የሚቃጠል ሰው ጥላና ውኃ አጥቶ ነው የሚቃጠለው። ውኃ ካለ ብርድ አለ፤ ጸበል ያስደነግጣል፣ የጥምቀት ኩሬ ጥርስ ያንገጫግጫል። እናቴ ይህን ስትሰማ እንዝርቷን አስቀመጠችና፣ «ያን የሚያህል ውኃ ያለበት አገር እንደምን ብሎ ይሞቃል? አንድ ማድጋ የቆመበት ጓዳ እንኳ ይቀዘቅዝ የለ?» አለች። ገብሩ ቤታችን ድረስ መጥቶ ተከራከረ፤ «ተከዜስ እመት? ውኃ አይደለም? ሰው ይቀቅል የለ?» ተከዜን ሲያነሣ እኔም ትንሽ ተጠራጠርኩ። አባቴ ግን መልስ አላጣም። «ተከዜ ገደል ውስጥ ገብቶ ነው የሚሞቅ። ባሕር ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ነፋስ ያገኘዋል።» ይህን ያለው ለተማሪ ምሥጢር በሚፈታበት ድምፅ ስለነበር ማን ይመልስለታል? ጎረቤቱም ካህናቱም በዚያው ተስማሙ። እናቴ ሣጥኗን ከፍታ ጥቁሩን የበግ ጠጉር ቡርኖስ አወጣች፣ ሁለት ጋቢ ጨመረች፣ እኔም ባለኝ ቁራጭ ገበርዲን ቡርኖሱን ከውስጥ ገበር ሰፋሁለት። ለባሕር ነፋስ ብዬ። ዛሬ ሳስበው ሣቅም እንባም ይመጣብኛል።

ልደታ በዋለ ማግስት በሶውንና ድርቆሹን፣ ለማናውቀው ባለ አገር ስጦታ ይሆናል ያልነውን አንድ ቅል ነጭ ማር ይዘን ተሳፈርን። ከሰቆጣ ኮረም ያለው መንገድ መንገድ ማለት ከተባለ ነው፤ አባቴ አንድ እጁ መቋሚያውን፣ አንድ እጁ እኔን ይዞ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር፣ «እግዚኦ፣» ይላል። ከኮረም ወዲያ ሐሸንጌ ሐይቅ ደረስን። ገብሩ መኪናው ውኃ ይጠጣ ብሎ አቆመ። ወዲያው ከሐይቁ ላይ የሚነሣ ነፋስ አጥንታችን ድረስ ገባ። በቀጭን ሸሚዝ የነበረው ገብሩ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ቡርኖሱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። ገብሩ ለብሶ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ፤ እስከ ማይጨው ድረስ ስለ ምጽዋ ሙቀት አላነሣብንም። አባቴ ሐይቁን ቆሞ አየ፤ ፊቱን ግራ ቀኝ ማዞር ነበረበት፣ ምክንያቱም የቀረው ዓይን በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። «ይህም ደግ ነው፣» አለኝ። «ግን ማዶው ይታየኛል። እኔ የምሻ ማዶ የሌለውን ነው።»

አስመራን ለማየት ዛሬ በሕልሜ ነው የምሄድ። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፣ የሰው ልብስ ከሩቁ የማነብ ሰፊ ነበርኩ፤ ዓይኔን የትኛው ላይ እንደማሳርፍ ቸገረኝ። ዘንባባው ሥር በነጭ ነጠላ የሚንሸራሸሩ ሴቶች፣ ከጉልበታቸው ላይ የቀረ ጉርድ ለብሰው ብስክሌት የሚነዱ ልጃገረዶች፣ ኮሌታቸው በስታርች የደረቀ ሽማግሌዎች። ከአንድ ቡና ቤት በጣልያንኛ የሚዘፈን ዘፈን ይሰማል፤ ቃሉ ያኔም አልገባኝም፣ ዜማው ግን ሳልፈልገው ዛሬም በአፍንጫዬ ይመጣል። ገብሩ ገብታችሁ ካልቀመሳችሁ አለና በስሙኒ ኬክ ገዛልን። አባቴ ትክ ብሎ አየው። «ቅቤ አለበት?» «አለበት።» «በዓለ ሃምሳ ነው፣» አለና በላው። ጺሙ ላይ የቀረውን ነጭ ነገር በመሐረቤ ስጠርግለት እንደ ሕፃን ፊቱን ሰጠኝ። በዚያች ቀን የነበረው ደስታ፣ ነገ የሚመጣውን ያላወቀ ደስታ ነበር።

ከአስመራ ቁልቁል ስንወርድ መጀመሪያ ጉም ውስጥ ገባን፤ አባቴ ቡርኖሱን አጥብቆ ደረበ፣ እኔንም፣ «አየሽ?» አለኝ። ጉሙ ሲገለጥ ጋቢዬን አወረድኩ። ትንሽ ወረድ ስንል ነጠላዬን። ጊንዳዕ ላይ አባቴ ቡርኖሱን አወለቀና፣ «ነፋሱ ኸባሕሩ ስንደርስ ነው የሚነሣ፣» ብሎ ጉልበቱ ላይ አጥፎ ያዘው። ምጽዋ ስንገባ ድፍን ቀትር ነበር፤ ቀትር እንዲሆን ያደረገው ራሱ ገብሩ ነው። ለደከመ ዓይን ብርሃን ሲበዛ ይሻላል ብሎ አስቦ፣ የትም ሳይቆም ነዳ። በሩ ሲከፈት የተቀበለን አየር ከዳቦ ምድጃ አፍ የሚወጣ ዓይነት ነው። ሬንጁ ቀልጦ የኮንጎ ጫማዬን ያዘው። ከቤቶቹ ጥላ ሥር የተኙ ሰዎች ተነሥተው አዩን፤ ቢያዩን አይፈረድባቸውም፣ አንዲት ሴት ሁለት ጋቢና አንድ የበግ ጠጉር ቡርኖስ አቅፋ ካህን እየመራች በዚያ ቀትር ስታልፍ አይተው አያውቁም።

ገብሩ ከከተማው ወጣ ያለ የአሸዋ ዳር ወሰደን። አባቴ በመንገድ ዳር የተከመረ ጨው አሻግሮ አይቶ ቆመ። ክምሩ ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው። «ይህ ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ተለወጠ። «እንዴት ያለ ነጭ ነው።» ጨው መሆኑን መንገር ከበደኝ፤ ግን ያላየውን ሲያስተምር ለኖረ ሰው እንዴት ይዋሻል? «ጨው ነው አባባ። ባሕሩ ወዲህ ነው፣» ብዬ ትከሻውን ይዤ ወደ ውኃው አዞርኩት። ባሕሩ እዚያው ነበር። እኔ አየሁት፤ ፀሐዩ ላዩ ላይ ተሰባብሮ ዓይን ይወጋል፣ ከሩቅ ሰማዩና ውኃው በጭጋግ ተለውሰው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። «አሁንስ?» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደ። «ነጭ ነው፣» አለ። «ሁሉም ነጭ ነው።» ፀሐይ እስክትበርድ ጠበቅን፤ ስትበርድ ደግሞ ማታ ማታ የሚጠፋው ዓይኑ ጠፋበት። የሰፈሩ ሰዎች እንደ አገሩ ልማድ ከቤት ውጭ በገመድ አልጋ አሳደሩን፤ ቡርኖሱን ትራስ አደረግነው። ሲነጋ ወደ ዳሩ ተመለስን። ንጋቱ ከቀትሩም የባሰ ነበር፤ ውኃው ላይ የተኛው ወበቅ ነጭ ጋቢ የተዘረጋበት ይመስል ነበር። ገብሩ ጭነቱን ጨርሷል፤ ረፋዱ ላይ መነሣት አለበት።

ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ተንሰቅስቄ ነው ያለቀስኩት። በግንቦት ተናደድኩ፣ በሐኪሙ ተናደድኩ፣ ገበሩን እየሰፋሁ ያደርኩበት ቡርኖስ ላይ ተናደድኩ። «በጥር ብንመጣ ኖሮ፣» አልኩ። «ገብሩ ነግሮን ነበር። በጥር ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።» አባቴ መቋሚያውን አሸዋው ላይ ተከለና ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ። «ጥር ለኔ አልደረሰም ልጄ። የደረሰኝ ግንቦት ነው። በይ አስገቢኝ።»

ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር፤ ጸበል እንደሚገባ ሰው። አማተበ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰብኩለት። እግሩን ከማስገባቱ በፊት ለብርዱ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ትከሻው ከፍ ሲል፣ ጥርሱን ሲነክስ አየሁት። ረገጠ። ወዲያው ትንፋሹን ለቀቀና ወደኔ ዞረ። «የሺ፣ ማን አሞቀው?» አለኝ። ገብሩ ከኋላችን ሳቀ፤ ሳቁ ግን የፌዝ አልነበረም። አባቴ ወደፊት ተራመደ፣ በእፍኙ ጨልፎ በእምነት ጠጣ። ፊቱ ተኮማተረ። ምራቁን ለመትፋት አፈረና ዋጠው። «ጨው ነው እኮ፣» አለ። «የሰቆጣ ገበያ በሙሉ እዚህ ፈስሶ ቀርቷል።» እሱም ሳቀ፣ እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ለማንም በቅጡ ነግሬ አላውቅም። ውኃው ይመጣል፣ ጉልበቱን ይነካል፣ ይመለሳል። አባቴ መጀመሪያ ሚዛኑን ሳተ፣ ያዝኩት። ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ጀመረ። ሲመጣ ወደፊት ዘንበል ይላል፣ ሲመለስ ወደኋላ ቀና ይላል። ማኅሌት የቆመ ሰው እንዴት እንደሚያሸበሽብ ያየ ያውቀዋል፤ በመቋሚያው ወደፊት ሄድ፣ ወደኋላ መለስ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳያቋርጡ። አባቴ ሐምሳ ዓመት የቆመበት ነገር ነው። መቋሚያውን ጠየቀኝ፣ ከአሸዋው ነቅዬ ሰጠሁት፤ ከውኃው ጋር እኩል እየሄደ እኩል እየተመለሰ በዝግታ ማዜም ጀመረ። መረብ ሲጠግን የነበረ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ተነሥቶ መጣና ገብሩን በጆሮው ጠየቀው። ገብሩ የነገረውን አልሰማሁም። ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ ሄደ፣ ዱካ ይዞ ተመለሰና ውኃው ውስጥ ገብቶ አስተካክሎ አኖረው። አባቴን ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። የክርስቲያን ካህን ነው፣ የእስላም ዓሣ አጥማጅ ነው፣ አንድም ቃል አልተለዋወጡም። የማሩን ቅል የሰጠነው ለእሱ ነው። አባቴ ዜማውን ሲጨርስ ውኃው ጭኑ ድረስ አርሶታል። እጄን ፈለገ፣ ሰጠሁት። «የሺ፣ አንቺ ታዪዋለሽ?» «አየዋለሁ አባባ።» «ማዶ አለው?» ጭጋጉ ተነሥቶ ነበርና አየሁ። በደንብ አየሁ፤ ለሁለታችንም ነው የማየው። «የለውም፣» አልኩት። «ምንም?» «ምንም የለውም አባባ።» «እሺ፣» አለ።

ስንመለስ አላጄ ላይ ዝናብ ያዘንና ቡርኖሱ በመጨረሻ ሥራውን ሠራ። ሰቆጣ እንደደረስን ቤቱ በሰው ሞላ። «መሪጌታ፣ ባሕሩን አዩት?» አሉት። ተማሪዎቹ በር ላይ ተደርድረዋል። «ማየቱንስ አላየሁት። ገብቸበት ግን ወጥቻለሁ፣» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ስለ ባሕር ሲጠይቀው እጁን ይዞ አስነሥቶ ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሰው ነበር። እናቴ ግን የፈለገችው ሌላ ነገር ነው። «አንቱ፣ ብርዱ እንደምን ነበር?» አለችው። አባቴ ወደኔ አቅጣጫ ፊቱን መለስ አደረገ። «ቡርኖሱ ባይኖር ጉድ ሆነን ነበር፣» አላት። እናቴ ይህን ይዛ ሞተች፤ እኔም አላጋለጥኩትም።

ዓይኑ በዚያው ክረምት ተዘጋ፤ ሐኪሙ አልዋሸም። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ሲገባ አንድ ከሰዓት፣ «የሺ፣ ኸውኃው ሞቅ አርጊና ጨው ጣል አርጊበት፣» አለኝ። እግሩን ሊታጠብ ነው ብዬ በገበቴ አቀረብኩለት። እግሩን ከተተና፣ «ወዲያና ወዲህ አርጊው፣» አለኝ። እጄን አስገብቼ ውኃውን ወደሱ ሰደድኩት፣ መለስኩት፣ ሰደድኩት። መቋሚያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በጣቱ ምቱን ይመታ ጀመር። በየዓመቱ ግንቦት ላይ እንዲህ አደረግን፤ ሁለተኛ ባሌን አግብቼ የራሴን ቤት ከያዝኩ በኋላም ለዚያ ስል እመጣ ነበር። አባቴ ያረፈው ያ ክፉ ድርቅ ከመምጣቱ፣ ጃንሆይም ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር መጣ፣ ብዙ ነገር ሄደ፤ የምጽዋም መንገድ ለእኛ ተዘጋ። ገብሩ የት እንደገባ አላውቅም። የምጠግንለት ሸሚዝ ግን ሰማያዊ ነበር፣ ባለ ሁለት ኪስ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ቤዛ ስልኳን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ነበር የምታዳምጠኝ። ስጨርስ ወደ ሐምሌ እናዛውረው ብላ አልደገመችም፤ ለእጮኛዋ ደውላ፣ «በቃ በግንቦት እንሂድ፣ ጃንጥላ እንይዛለን፣» ስትለው ሰማሁ። እኔ ሂዱም ቅሩም አላልኳት። ማታ ራት ላዘጋጅ ብዬ ስነሣ የጓዳውን መቃን በትከሻዬ መታሁት። ከዓምና ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ፤ ሐኪም ቤትም ሄጃለሁ፣ የተባልኩትን ለልጆቼ አልነገርኩም። ቤዛ ግን ትከሻዬንም መቃኑንም አየች፤ ታሪኩን ገና አሁን ነው የሰማችው። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች። የጋዙን መለኮሻ ሰማሁት፣ ቀጥሎ የጨው ዕቃው ክዳን ሲከፈት። ሳፋውን እግሬ ሥር አኖረች፣ ጫማዬን አወለቀችልኝ፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ውኃው ሞቅ ያለ ነበር። ሰደደችው፣ መለሰችው፣ ሰደደችው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ማዶ አለው?» አልኳት።

ውኃውን አንዴ ሰደደችና መለሰችው።

«የለውም እማማ።»

«ምንም?»

«ምንም የለውም፣» አለችኝ።